ማንም ያልሞተበት ቀን

ጋሳን፣ ማሪንዱኬ ደሴት
ሜይ 4 ቀን 2014

ይድረስ ለልጄ ለሮዌና፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ዝናብ መምጣቱን ከሰማዩ ቀድሞ ይነግረኛል። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስተኛ ሳምንቱን ያዘ። የዘገየሁት ንቄሽ ወይም ተቀይሜሽ አይደለም፤ ይቅር በይኝ። ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ብዕር የያዝኩት ለፊርማ ብቻ ስለሆነ አንድ ገጽ ለመጻፍ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ይፈጅብኛል። በዚያ ላይ ወሩ የሠርግ ወር ነው። የማኒላ ሙሽሮች ቢራቢሮ ይፈልጋሉ፤ አባጨጓሬዎቼ ደግሞ ቅጠላቸውን ካላገኙ ደብዳቤ እስክጨርስ አይታገሡኝም።

ስልክ ስትደውዪ ስለማላነሳም አትዘኚብኝ። በስልክ ሰው “ደህና ነኝ” ከማለት ሌላ ምን ይላል? በወረቀት ግን ጽፎ መሰረዝ አለ።

ጥያቄሽን ልመልስ። አላየሁትም። ዲቪዲው ከሕፃኑ ኢየሱስ ምስል ሥር ተቀምጧል፤ በየጠዋቱ አቧራውን እጠርግለታለሁ። የጻፍሽልኝ ግን ገብቶኛል። ፊልሙን የሠራሽው አንቺ ነሽ፤ ታሪኩን የጻፈው ናንቴ ነው። እሱ ስለሌለ እኔ እናቱ ካልፈረምኩ “ከለቅሶ መልስ” ማኒላ ወደሚደረገው የፊልም ውድድር አይገባም። መግቢያው ጁላይ 15 ይዘጋል። ያላየሁትን አልፈርምም፣ ልጄ። ለማየት ደግሞ ገና አልደፈርኩም። ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ወር ሆነው፤ ሸሚዞቹን እንኳ ከመስቀያቸው አላወረድኩም።

አንቺ ማኒላ አራት ዓመት አብረሽው ስለተማርሽ ተረበኛነቱን ታውቂያለሽ። እኔ የማውቀውን ልንገርሽ። እዚህ ተመልሶ አራተኛ ክፍል ሲያስተምር አንድ ለቅሶ አልቀረበትም። የማያውቀው ሰው እንኳ ሲሞት ነጭ ሸሚዙን ተኩሶ ይሄዳል። የሟቹ መንፈስ ቤታችን ድረስ እንዳይከተለን ከለቅሶ መልስ መንገድ ላይ ጎራ ብሎ ማራገፍ ደንብ አይደል? እኛ የምናራግፈው መገንጠያው ላይ ካለችው ምግብ ቤት ነው። እኔ ሾርባዬን ጠጥቼ ስነሳ እሱ ግን “እማዬ አንቺ ሂጂ፤ እኔ ሐዘኑ ስለከበደኝ ትንሽ ልቆይ” ይለኝ ነበር። ቄሱም በቀብሩ ቀን ይህንኑ ሰበኩለት። ድንጋዩ ላይ “ያዘኑትን ያጽናና” ብዬ አስቀርጬበታለሁ።

ሌላ ሰው አድርጋችሁት እንደሆነ ብዬ ነው የምፈራው።

አበልጄ ቪሪንግ ሰላም ብላሻለች። ፊልሙን አብራኝ ልታይ ቃል ገብታልኛለች፤ ቃሏን የምታስበው ግን የሚበላ ሲኖር ነው።

ኢሉሚናዳ፣ የናንቴ እናት


ኬሶን ሲቲ
ሜይ 11 ቀን 2014

ለተከበሩ እማማ ሉሚን፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ በመርከብና በአውቶቡስ መጥቶ በስድስተኛው ቀን ደረሰኝ። በማግስቱ ደግሞ በአበልጅዎ ስልክ ያስላኩት አጭር መልእክት ገባ። የፊልም ትምህርት የሌላት ሴት አስተያየት ምን እንደሚያደርግልኝ ጠይቀውኛል።

ፊልሙን እስካሁን አሥራ አንድ ሰው አይቶታል። አሥራ አንዱም ግሩም ነው አሉኝ። አንዷ እናቴ ናት፤ አንዱ እጮኛዬ ነው፤ ካሜራውን የያዘውም እሱ ነው። ሦስቱ ራሳቸው የተወኑበት ናቸው። አሥራ ሁለተኛ ግሩም አያስፈልገኝም። ናንቴ “እናቴ የዓሣውን ዓይንና ጉሮሮ ሳትመረምር አትገዛም፤ ሻጮቹ ስትመጣ ሲያዩ ይደበቃሉ” ይለኝ ነበር። ፊልሙንም እንደዚያ ይመርምሩልኝ። ጥንካሬውን ካገኙለት ይጻፉልኝ፤ ድክመቱን ግን ሳያስተዛዝኑኝ ይጻፉልኝ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ድርሰቱ ሲደርሰኝ መጨረሻ አልነበረውም። የመጨረሻው የፊልሙ ክፍል የኔ ነው። ሳልነግርዎ ልተው አስቤ ነበር፤ እርስዎን ማታለል ግን ከበደኝ።

አክባሪዎ ሮዌና


ጋሳን
ሜይ 28 ቀን 2014

ለልጄ ለሮዌና፣

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው። እናትሽ እንዴት ናት? እጮኛሽስ? ካሜራው በሁለተኛው ክፍል ይንቀጠቀጣልና እጁ እንዴት ነው ብዬ ነው።

አየነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአበልጄ ቪሪንግ ቤት ነው ያየነው። እሷ የሀብሐብ ፍሬ ቆልታ፣ ለእንባዬ ፎጣ አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። መጀመሪያው ላይ ያ የሽማግሌው ለቅሶ አለ አይደል? ካርታ ተጫዋቾቹ አበባውን ከሬሳ ሳጥኑ አጠገብ ገፋ አድርገው ወደ መብራቱ ሲጠጉ ሳቅሁ። ለቅሶ ቤት የሚሳቅበት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ነው የሠራው አልኩ። ፎጣውን መልሼ ሰጠኋት።

ከዚያ ዶሜንግ የተባለው ልጅ ወደ ሬሳው ቀረበና ለሚስትየዋ “በጣም ደግ ሴት ነበሩ” አላት። የሞተው ግን ባሏ ነው። ሮዌና፣ ልጄ፣ ይህን ታሪክ እኔ አውቀዋለሁ። ናንቴ የጀልባ ሠሪው ለቅሶ ላይ ልክ እንደዚህ ብሎ ነበር። ክንዱን ቆነጠጥኩት። ፈተና ሲያርም አድሮ ደክሞት ነው አለኝ፤ አመንኩት።

ዶሜንግ ከለቅሶው ወጣ፤ እየሮጠ መገንጠያው ላይ ካለች ምግብ ቤት ደረሰ። ባለቤቷ ራኬል የሩዝ ሾርባ ስትቀዳለት ፊቱ ላይ የበራውን እኛም አየነው። አበልጄ የሀብሐብ ፍሬዋን አቆመች።

“ሉሚን፣ ይሄ ልጅሽ አይደለም እንዴ?” አለችኝ።

ልጄ እንዲህ አይሮጥም አልኳት።

“ከለቅሶ ሲወጣማ ይሮጥ ነበር” አለች። “እኔ ሽንቱ ይዞት ነው እል ነበር።”

ከዚያ በኋላ ዶሜንግ ለዚያች ልጅ ሾርባ ሲል የማያውቀውን ሰው ሁሉ ለቅሶ ሲያሳድድ አንድ ሰዓት ያህል ተመለከትን። ቄሱ ስለሰበኩለት ልጄ፣ ድንጋይ ስላስቀረጽኩለት ልጄ አሰብኩ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥዬ አፈርኩ። አበልጄ ድንጋዩን አስተካክይው፣ “ያዘኑትን ያጽናና፣ ከዚያም በልቶ የሄደ” በይበት አለችኝ። እዚህ ላይ ሳቄ መጣ፤ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ከካቻምና ወዲህ እንደዚያ አልሳቅሁም። ጎረቤት ምን ሆኑ ብሎ በመስኮት አየን።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ልግባ። አንድ ነገር በጣም ወድጄልሻለሁ። ራኬል ፊቱን ሳታይ ሳህኑ ላይ ጨጓራ የምትጨምርለት ጊዜ ነው። እወድሃለሁ ያለ የለም፤ ጭልፋው ግን ሁለቴ ወረደ። በቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብም እውነተኛ ነው። የዶሜንግን እናት በሃምሳኛው ደቂቃ ገደላችኋት፤ እኔ መሆኗ ገብቶኛል፤ ቅርም አላለኝም። ደንቡስ እንዲያ ነበር። እናት ቀድማ ትሄዳለች፤ ልጅ ይቀብራታል። በፊልሙ ውስጥ ብቻ ነው ነገሩ በተራው የሄደው። እዚያ ላይ ፎጣውን መልሼ ወሰድኩት።

ድክመቱን ልጻፍልሽ፣ ራስሽ ነሽ የጠየቅሽኝ። የራኬል ሽርጥ ንጹሕ ነው። ድስቷም አልጠቆረም። ቀኑን ሙሉ እሳት ፊት ቆማ አንዲት ጠብታ ላብ የላትም። እናቲቱ ሳትሞት በፊት መቁጠሪያ ይዛ በመስኮት እያየች ከማልቀስ ሌላ ሥራ አጣች፤ ማን ነው የሚያበላት? ቫዮሊኑ አልቅሺ እያለ ይጎተጉተኛል፤ እኔ ለማልቀስ ቀስቃሽ አያስፈልገኝም። ዝናብ ውስጥ የሚሳሳሙበት ረዝሟል፤ አበልጄ ግን አጥሯል ትላለች። ዶሜንግ እጅ ላይ ያረፈችው ቢራቢሮ ደግሞ በበረዶ ሣጥን ቀዝቅዛ የመጣች ናት። እኔም ለሠርግ ስሰዳቸው አቀዘቅዛቸዋለሁና አልሳሳትም። ክንፏን የዘረጋችው ሙቀት ፍለጋ ነው። በሙዚቃ ግን የእናቱ ነፍስ መጣች ትይኛለሽ። እኔ በቀን መቶ ሃያ ነፍስ በወረቀት አላሽግም።

መጨረሻው የአንቺ መሆኑን ባትነግሪኝም አውቀው ነበር። ዶሜንግ ሻንጣውን ይዞ ወደ ውጭ አገር መርከብ ይሳፈራል፤ ራኬል ወደብ ላይ ትቀራለች፤ ከዚያ ሦስት ደቂቃ ባሕር እናያለን። ባሕሩ ያምራል። ግን ለአንድ ሳህን ሾርባ የሰው ለቅሶ የሚያሳድድ ሰው ምን ሆነና ነው ጥሏት የሚሄደው? አንድ ቃል እንኳ አልተናገረም። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት፤ የሠሪዎቹ ስሞች መጡ።

ይህን ልጄ ጻፈው ብዬ መፈረም አልችልም። በክፉ አትይብኝ።

ሉሚን


ኬሶን ሲቲ
ጁን 4 ቀን 2014

ለእማማ ሉሚን፣

መልስ ለመጻፍ አራት ቀን ስለፈጀብኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሁለቱን ቀን ተቆጥቼ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሽርጡን አየሁት፤ እውነትም ንጹሕ ነው። እጮኛዬም እጄ ደህና ነው ብሎ ሰላም ብሎዎታል፤ እስካሁን ደብዳቤዎን እያነበበ ይስቃል።

መርከቡን ከየት እንዳመጣሁት ልንገርዎ። አባቴ መርከበኛ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ወደብ ላይ እጁን አውለበለበልኝ፤ ተመልሶ አልመጣም። የፍቅር ታሪክ መጨረሻ ሲጠፋኝ እጄ ወደዚያ ሄደ። የናንቴን ታሪክ በኔ አባት ጨረስኩት። ትክክል አልነበረም።

ናንቴ መጨረሻውን ላክልኝ ብዬ ስጎተጉተው የጻፈልኝ የመጨረሻ መልእክት እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለ። ሴፕቴምበር 28 ቀን 2012 ይላል። “መጨረሻውን መጻፍ አልቻልኩም። መጀመሪያ አንድ ሰው ጠይቄ መልስ ማግኘት አለብኝ” ነው የሚለው። እስካሁን ያ ሰው እርስዎ ይመስሉኝ ነበር። ድርሰቱ የእርስዎን ቤት ስለሚመስል ፈቃድ ሊጠይቅ ነው ብዬ ነበር።

እማማ፣ ጠይቆዎት ነበር?

ሮዌና


ጋሳን
ጁን 15 ቀን 2014

ለልጄ ለሮዌና፣

አባትሽን እግዚአብሔር ባለበት ይጠብቀው። ሦስት ደቂቃ ባሕር ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ባውቅ ኖሮ ቃሌን አለሳልሰው ነበር፤ ሐሳቤን ግን አልለውጥም።

አልጠየቀኝም። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ቀን ከሌት አስታወስኩ፤ ስለ ድርሰት አንድ ነገር አላለኝም። እኔን ካልጠየቀ ማንን ጠየቀ? አበልጄ ቪሪንግ ይህን ለማወቅ ፊልም ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም አለች።

መገንጠያው ላይ ያለችው ምግብ ቤት የግሌንዳ ናት። አባቷ ሲሞት ነው የወረሰችው። ብዙ ጊዜ ሾርባ ቀድታልኛለች፤ ፊቷን ግን አንድም ቀን ልብ ብዬ አላየሁትም። ምን ብዬ ልሂድ? ልጄ ይወድሽ ነበር ወይ ተብሎ በር አይንኳኳም። አንድ ሳምንት ሳመነታ የዓሣ ነጋዴው አማት አረፉ። ናንቴ ከሞተ ወዲህ ለቅሶ ቤት ረግጬ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ጥቁሬን ለብሼ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ሰዎቹ ከሟቿ ይልቅ እኔን አዩ። ስወጣ እንደ ደንቡ በመገንጠያው በኩል ጎራ አልኩ። አበልጄን ሌላ ቦታ ሄዳ እንድታራግፍ አዘዝኳት፤ ተቀየመችኝ።

ከኔ ሌላ ሰው አልነበረም። ግሌንዳ ሳህኑን አስቀመጠችና ቆመች። ወፍራም ክንድ፣ ትንሽ ፊት፣ እሳት የላሰው ሽርጥ አላት። ልጄን ታውቂው ነበር አልኳት።

“ጨጓራ አብዝቶ፣ ሽንኩርት ቀንሶ” አለችኝ።

ለምን ለቅሶው ላይ እንዳላየኋት ጠየቅኋት። ስምንት ቀን ሙሉ ሬሳው ቤታችን ሳለ የከተማው ሰው ሁሉ መጥቷል፤ እሷ አልመጣችም። ይህን ስላት ጨርቋን አጠፈች፣ መልሳ ዘረጋችው።

“ምግብ ቤቱን ማን ይከፍተው እማማ?” አለች። “እርስዎ ቤት ያመሸ ሁሉ የሚመጣው እዚህ ነበር። ብዘጋው የት ያራግፉት ነበር? ስምንት ቀን አገሩ በሙሉ ናንቴን እዚህ እያራገፈ ቤቱ ገባ። እኔ የማራግፍበት ሌላ ምግብ ቤት የለኝም። እኔ ጋ ቀረ።”

ሮዌና፣ እኔ ይህን ሁሉ ወር ክፍሉ ውስጥ ስፈልገው ነበር። ትራሱን አሸተትኩ፤ ሸሚዞቹን ነካሁ፤ የለም። ለካ የሌለው እዚህ ስላለ ነው። አልቅሼ አላስቸገርኳትም። ሾርባውን ጨርሼ ድገሚኝ አልኳት። ጨጓራውን ሁለቴ ጨመረችልኝ።

ሁለተኛውን ሳጋምስ ናንቴ የጠየቀሽ ነገር ነበር ወይ አልኳት። ነበረ። መልስሽስ ብላት ነገረችኝ። ምን እንዳለችኝ ግን አልጽፍልሽም። የሷ ነው። እሷ ፈቅዳ ካልሰጠችሽ የፊልምሽ መጨረሻ እንደጎደለ ይቅር፤ እኔም ሳልፈርም ልቅር። ቀኑ እየሄደብሽ መሆኑን አውቃለሁ።

ሉሚን


ኬሶን ሲቲ
ጁን 19 ቀን 2014

ለእማማ ሉሚን፣

ራኬል እውነተኛ ሴት መሆኗን አላውቅም ነበር። ናንቴ ፈጠራ ነው ብሎኝ ነበር። ደብዳቤዎን አንብቤ ፊልሙን እንደ አዲስ ማየት ጀመርኩ፤ ልጅቷ በመጣች ቁጥር አፈርኩ። እሷን አልጎተጉትም። ካልፈቀደች ፊልሙ እዚሁ መሳቢያዬ ውስጥ ይቀመጣል፤ እኔም ሌላ እሠራለሁ።

ቢራቢሮዋን አውጥቻታለሁ። ቫዮሊኑንም ዝም አሰኝቼዋለሁ። መሳሳሙን ግን ከግማሽ በላይ አልቆርጥም፤ ለአበልጅዎ ይህን ይንገሩልኝ።

ተዋንያኑ የሚገኙት ከጁን ወር መጨረሻ እስከ ጁላይ 1 ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው ላስጨንቅዎ ሳይሆን የቀኑን መሄድ ስላነሱ ነው። እኔም አንድ ልጠይቅዎ። እናቲቱ ካላለቀሰች ምን ትሥራ?

ሮዌና


ጋሳን
ጁን 24 ቀን 2014

ለልጄ ለሮዌና፣

ዛሬ የቅዱስ ዮሐንስ ቀን ስለሆነ ልጆቹ መንገደኛውን ሁሉ ውሃ እየደፉበት ነው። ወረቀቱ እንዳይረጥብ በሩን ዘግቼ ነው የምጽፈው። አበልጄ ሁለት ጊዜ ተደፍቶባት ሦስተኛ ልትወጣ ነው።

እናቲቱ ምን ትሥራ ላልሽኝ፣ እጇ ወረቀት ይጠፍ፤ ለቢራቢሮዎቹ ማሸጊያ። አፏ ደግሞ ልጇን ይቆጣ። ሸሚዝህን ማን እንዲተኩስልህ ነው፣ ሳትበላ የት ልትሄድ ነው፣ ትበለው። ልጅ ያለው ሰው በመስኮት የሚያይበት ጊዜ የለውም።

ግሌንዳ እሑድ መጥታ ፊልሙን ከእኛ ጋር አየች።  ሃምሳኛው ደቂቃ ላይ “ሾርባ እንደዚያ አይማሰልም” አለች። አበልጄ ይኼው ነው የምትይው ብትላት ሳቀች፤ ስትስቅ ናንቴ ለምን እንደሚሮጥ ገባኝ። መጨረሻው ላይ መርከቡ ሲሄድ ግን ተነስታ ወጣች። ተከትያት ወጣሁ። ንገሪያት አለችኝ። በፊልሙ ስሟን አታንሺ፤ ድስቱ ይጥቆር፤ ሌላ የጠየቀችው የለም።

እንግዲህ እንዲህ ነው። ናንቴ በኦገስት ወር አግቢኝ ብሏታል። እሷ የመለሰችለትን ቃል በቃል አስጻፈችኝ።

“አንተ የምትመጣው ሰው ሲሞት ነው። የኔ ትዳር በሰው ቀብር ቆጠራ አይቆምም። ማንም ባልሞተበት ቀን ና፤ ያኔ እመልስልሃለሁ።”

ያ ክረምት ሰው እንደ ማንጎ የረገፈበት ነበር። አንዱ ተቀብሮ ሳያበቃ ሌላው ቤት መብራት ይሰቀላል። በየለቅሶው መሄዱ አልቀረም፤ ከለቅሶ መልስም ሾርባውን ይጠጣል፤ ጥያቄውን ግን አይደግማትም። ቃሏን አክብሮ ሰባት ሳምንት ጠበቀ።

አሁን እዚህ ጋ ብዕሬን አስቀምጬ ትንሽ ዞርኩ። ተመልሼ ነው የምጽፍልሽ።

በእነዚያ ሰባት ሳምንታት፣ ሮዌና፣ በየጠዋቱ ቁርስ ላይ ናንቴ “እማዬ፣ ዛሬ የሞተ ሰው አለ?” ይለኝ ነበር። እኔ ከአበልጄ የሰማሁትን እነግረዋለሁ። አንገቱን ይደፋል። እኔም እንዴት ያለ አንጀተ ርኅሩኅ ልጅ ወለድኩ እያልኩ ዳቦ እጨምርለታለሁ። ኦክቶበር 2 ቀን ማክሰኞ ነበር። ያን ጠዋትም ጠየቀኝ። “ማንም የለም፤ አገሩ ሰላም ነው” አልኩት። ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ፤ ግንባሬን ሳመኝ፤ ምሳውን ረስቶ ወጣ። ማታ እያፏጨ ገባ። ምን ተገኘ ብለው “ለከተማችን በዓል ቀን እነግርሻለሁ” አለኝ።

እሺ ብላው ነበር።

ጠይቆዎት ነበር ወይ ብለሽ ስትጽፊልኝ አልጠየቀኝም ብዬሽ ነበር። ተሳስቼ ነው። በየቀኑ ይጠይቀኝ ነበር። ፈቃዱንም የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ምን እንደሰጠሁ ሳላውቅ።

ከዚያ በኋላ ያለውን፣ ለበዓሉ አለመድረሱን፣ አንቺም እኔም እናውቃለን። እሱን ፊልሙ ውስጥ አታግቢው። ፊልሙ በዚያ ማክሰኞ ያብቃ።

ሉሚን


ኬሶን ሲቲ
ጁላይ 4 ቀን 2014

ለእማማ ሉሚን፣

አዲሱን መጨረሻ ግሌንዳ ምግብ ቤት ቀርጸን በሰላም ገባን። መርከቡ ላይ ሁላችንም እንቅልፍ ወስዶን ነበር፤ ካሜራውን ያቀፈው እጮኛዬ ብቻ ነቅቶ ነበር።

ስለ አልጋው፣ ስለ ምግቡ፣ በስተመጨረሻም ስለ ቁጣዎ አመሰግናለሁ። ዶሜንግን የሚጫወተው ልጅ በሁለት ቀን ዘጠኝ ሳህን በልቶ አሁን ሆዱን ይዞ ተኝቷል። ራኬል የምትሆነው ተዋናይት ደግሞ ግሌንዳ ጭልፋውን ከእጇ ነጥቃ “እንደ ማንኪያ አትያዥው፤ ክንድሽን ስጪው” ስላለቻት እስካሁን ክንዷን ያማታል። ሽርጡን ለማቆሸሽ ሦስት ሰዓት እንደሚፈጅ ማንም አላስተማረኝም ነበር።

አዲሱን መጨረሻ በዲቪዲ ልኬልዎታለሁ። ወረቀቱም አብሮ አለ። መጨረሻው የግሌንዳ ስለሆነ ለሷም የፊርማ ቦታ አድርጌበታለሁ። እባክዎን ድክመቱን ይጻፉልኝ፤ የቀረኝ ጊዜ ለጥቂት ይበቃል።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ፊልሙ ሲጀምር ጥቁር ላይ በነጭ የናንቴን ስም ከተወለደበትና ከሞተበት ቀን ጋር አድርጌ “ለመታሰቢያው” ብያለሁ። እንደዚያ ይሁን?

ሮዌና


ጋሳን
ጁላይ 10 ቀን 2014

ለልጄ ለሮዌና፣

ሁላችሁም በሰላም በመግባታችሁ ደስ ብሎኛል። ለሆዱ ዝንጅብል አፍልተሽ ስጪው። እናንተ ከሄዳችሁ ወዲህ ቤቱ ጸጥ ብሎ አበልጄ የምትሰድበው ሰው አጥታለች።

መጀመሪያ የመጨረሻ ጥያቄሽን ልመልስ። እንደዚያ አይሁን። ጥቁሩን አውጪው። ሰው ገና ሳይቀመጥ ሞቷል ካልሽው ፎጣውን ይዞ ይጠብቅሻል፤ “ደግ ሴት ነበሩ” የሚለው ቦታ ላይ ማን ይስቅልሻል? ልጄ ያንን የጻፈው ሰው እንዲስቅ ነው። ስሙን ደራሲው በሚለው ቦታ፣ ካንቺና ከባለካሜራው ስም እኩል ፊደል አድርገሽ ጻፊው። የሞተበትን ቀን እኛ እናውቀዋለን።

አዲሱን ሦስታችንም አየነው። ዶሜንግ በጠራራ ፀሐይ፣ ባለቀለም ሸሚዝ ለብሶ ይገባል። ራኬል ከድስቱ ቀና ብላ ማን ሞተ ትለዋለች። ማንም ይላታል። ሌላ ቃል የለም፤ ጭልፋው ድስቱ ውስጥ ሲገባ ብቻ ይሰማል። የፊልምሽ ጥንካሬ ይህ ነው፤ ካሜራው እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ባሕሩ ስለሌለ አንቺ እንዳይከፋሽ ፈርቼ ነበር፤ ግን አንቺው ነሽ የቆረጥሽው።

ድክመት አላጣሁለትም። ግሌንዳ እንዳለችው እውነተኛው ሰው ያን ቀን የኮምጣጤውን ጠርሙስ ገልብጦ ነበር፤ የናንተው በጣም ተረጋግቷል። ተዋናዩ ከልጄ ይልቅ መልከ መልካም ነው አልኩ፤ በዚህ ግሌንዳ አልተስማማችም፤ ቆየት ብላም አልተስማማችም። እናቲቱ ወረቀት ስታጥፍ ጠርዙን አታስተካክልም፤ እንደዚያ ከታሸገች ቢራቢሮዋ ማኒላ አትደርስም። መሳሳሙ አሁንም ረዝሟል። የቀረው ደህና ነው። አሥራ ሁለተኛ ግሩም አልልሽም፤ ግን ማክሰኞ ማታ አንድ ጊዜ፣ ረቡዕ ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻዬን ደግሜ አይቼዋለሁ።

ወረቀቱን ትናንት ለመፈረምና ማህተም ለማስመታት ማዘጋጃ ቤት ሄድን። ጸሐፊው ወጣት ነው፤ ሥራውን የሚያከብር። እኔ ፈረምኩ። “ለደራሲው ያለዎት ዝምድና” በሚለው ላይ እናት ብዬ ቀስ ብዬ ጻፍኩ። ግሌንዳ ተራዋ ሲደርስ ስሟን ጻፈችና እዚያው ቦታ ላይ ብዕሯ ቆመ። ምን ልበል ብላ አየችኝ።

“ምራት ብለሽ ጻፊ” አልኳት።

ጻፈች። ጸሐፊው አነበበው። በትሕትና ነው የጠየቀው፤ የጋብቻ ማስረጃ ካለ ማየት አለብኝ አለ። ግሌንዳ ፊቷ ቀላ።  አበልጄ ቪሪንግ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

“ማስረጃው ማኒላ ነው” አለችው። “ሲመጣ ትኬት ቆርጠህ ታየዋለህ። እስከ መጨረሻው ተቀመጥ ብቻ፤ እዚያ ላይ ነው ያለው።”

ግሌንዳን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ማህተሙን ቀለም ነከረው።

እናትሽ ሉሚን